ብይዋ ያልተንከባለለችበት ቤት

በወይዘሮ ዶሎሬስ ሺክሉና ጓሮ ባለችው አንዲት ክፍል ተከራይቼ ስኖር አራተኛ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰዎች የሴትዮዋን ሥራ ሲጠይቁኝ አጥጋቢ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። «የቤት ደላላ ናቸው» እላለሁ። «በወር ስንት ቤት ይሸጣሉ?» ይሉኛል። «አይሸጡም።» «እንግዲያው ይገዛሉ?» «እሳቸው አይገዙም።» «ታዲያ ምንድን ነው የሚሠሩት?» እዚህ ላይ ወሬ እቀይራለሁ፤ ምክንያቱም እኔ እስካየሁት ድረስ ወይዘሮ ዶሎሬስ አብዛኛውን ቀናቸውን የሚያሳልፉት ሰዎች ቤት እንዳይገዙ በመለመን ነው።

ሃያ ዓመት ሙሉ በሰፈራችን በሴንት አልባንስና በአካባቢዋ ለሻጮች ሲያሻሽጡ ኖረዋል። ፎቶግራፋቸው በአውቶቡስ ማቆሚያ ወንበሮች መደገፊያ ላይ ይለጠፍ ነበር። «የሰፈሩ ሰው ግማሹ ጀርባውን ለፊቴ ሰጥቶ ነው አውቶቡስ ሲጠብቅ የኖረው» ይላሉ። ከዕለታት አንድ ቀን ያን ሁሉ ትተው፣ ከእንግዲህ የምቆመው ቤት ገዝተው ከማያውቁ ሰዎች ጎን ብቻ ነው አሉ። ለምን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሦስት የተለያዩ መልሶች ሰጥተውኛል። በመጀመሪያው ጉልበቴ ነው አሉኝ። በሁለተኛው ቄሱ ናቸው አሉኝ። በሦስተኛው ጊዜ ሽንኩርት እየከተፉ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጡና፣ «ኬክ እየጋገሩ ያመጡልኝ የነበሩት የሸጥኩላቸው ሰዎች አልነበሩም፤ የሸጥኩባቸው ገዢዎቹ ነበሩ። ሲገባቸው ምን ይሉኝ ይሆን ብዬ ኬኩ አልዋጥልሽ አለኝ» አሉ። የትኛው መልስ እውነተኛው እንደሆነ አላውቅም። ሦስቱም ሊሆኑ ይችላሉ።

«ዶሎሬስ በይኝ» ብለው ደጋግመው ነግረውኛል፤ ምላሴ እምቢ ስላለኝ እስከ ዛሬ ወይዘሮ ዶሎሬስ ነው የምላቸው። የዛሬ ዓመት ሐምሌ ላይ የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ሐኪሙ መኪና እንዳይነዱ ስለከለከላቸው፣ ለጥቂት ሳምንታት እኔ እየነዳሁ አብሬያቸው ዞርኩ። የፌሌቲን ቤተሰብ ያወቅኩት በዚያን ጊዜ ነው።

ፌሌቲ በአንድ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የሚያነሣ ፎርክሊፍት የሚነዳ የቶንጋ ደሴት ሰው ነው። ወደ ወይዘሮ ዶሎሬስ ወጥ ቤት ሲገባ ክፍሉ ጠበበ፤ ወንበሩ እንዳይሰበር ፈርቶ ጫፉ ላይ ብቻ ተቀመጠ። ሚስቱ ሴይኒ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ለሁለታቸውም የምትናገረው እሷ ነበረች።

«አሥራ አራት ቤት አይተናል» አለች። «እውነት ለመናገር ደላሎቹ ሁሉ በጣም ጥሩ ሰዎች ናቸው። አንዱማ ለእናታችሁ ውሰዱላቸው ብሎ ብስኩት ጠቅልሎ ሰጠን።»

«ስንት ገንዘብ እንዳላችሁ ጠየቃችሁ?» አሉ ወይዘሮ ዶሎሬስ።

«ጠየቀን።»

«ነገራችሁት?»

ፌሌቲ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ። «እናታችን ውሸት አላስተማረችንም፣ አክስቴ።»

ወይዘሮ ዶሎሬስ በደህናው ዓይናቸው ጣሪያውን አዩ። «ብስኩቱ ይጣፍጥ ነበር?»

«በጣም።»

«መጣፈጥማ አለበት። በአገሩ ካለ ብስኩት ሁሉ ውዱን ነው የበላችሁት። ስማኝ ልቤ፣ ያ ሰው የሚሠራው ለሻጩ ነው። ኪስህን ካወቀ በኋላ ምን ቀረህ? እኔ ሃያ ዓመት ብስኩት ሳድል ኖሬያለሁ፤ አውቀዋለሁ።»

«እርስዎስ ለማን ነው የሚሠሩት?»

«ለእናንተ።»

ፌሌቲ አሰበበት። «ታዲያ ብስኩቱ የታለ?»

ወይዘሮ ዶሎሬስ ሳቁ። ከምድጃው ፓስቲዚ የሚሉትን አይብ የታጨቀበት የአገራቸውን ሳምቡሳ አውጥተው ፊታቸው ደረደሩ። «ልቤ» የሚሉት ማንንም ሰው ነው፤ የማልታ ተወላጅ ናቸው፤ በእነሱ ዘንድ እንዲሁ ነው። እኔን ኪራይ ሳዘገይ ብቻ «ተማሪዋ» ይሉኛል።

ከዚያ ሴይኒ የመጡበትን ጉዳይ ተናገረች። የፌሌቲ እናት እማማ ኦፋ ከፋሲካ በኋላ ስትሮክ መቷቸው ግራ ጎናቸው ደክሟል። የሚኖሩበት የኪራይ ቤት መግቢያው ሰባት ደረጃ ነው። ፌሌቲ እሑድ እሑድ እናቱን አዝሎ ወደ ቤተ ክርስቲያን ያወርዳቸዋል፤ አዝሎ ያወጣቸዋል። «ካለፈው ወር ጀምሮ ግን መሄድ ትተዋል» አለች። «የልጄን ወገብ ሰበርኩት ይላሉ። ሳሎን መስኮት ሥር ተቀምጠው መዝሙሩን ከስልክ ይሰማሉ። አሁን ደግሞ አከራያችን ቤቱን ሊሸጠው ስለሆነ እስከ መስከረም መጨረሻ ውጡ ብሎናል።»

«ስለዚህ የምንፈልገው ደረጃ የሌለው ቤት ነው» አሉ ወይዘሮ ዶሎሬስ። ወረቀታቸው ላይ ጻፉና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመሩበት።

ቀጥሎ የሆነው ነገር አሁንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የገባኝ አይመስለኝም። ቤት የሚታየው ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያ ቤቱ፣ ቀለሙ መስሎኝ ነበር። ወይዘሮ ዶሎሬስ ግን ቤት ሲገቡ ግድግዳውን ቀና ብለው እንኳ አያዩም። ከቦርሳቸው አንዲት አረንጓዴ ብይ ያወጣሉ፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ ያጎነብሳሉ፣ ወለሉ ላይ ያስቀምጧታል፤ ከዚያ ይጠብቃሉ። በእኛ ሰፈር መሬቱ መረሬ ነው። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በእንጨት እግር የቆሙት ቤቶችም አብረውት ይንቀሳቀሳሉ። ብይዋ ከተንከባለለች ቤቱ አንድ እግሩን አጥፏል ማለት ነው። ይህ ይገባኛል። ያልገባኝ፣ ማክሰኞ ማታ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎች መንገድ ላይ ሲወጡ ለምን ሄደው እንደሚያዩ፣ ለምንስ የማያውቁትን ጎረቤት በር አንኳኩተው ፓስቲዚ እንደሚሰጡ ነው።

«ቤቱን መቀየር ትችያለሽ» አሉኝ ስጠይቃቸው። «ጎረቤቱን ግን በየትኛው አናጺ ታስቀይሪዋለሽ?»

ፌሌቲና ሴይኒ የወደዱት የመጀመሪያው ቤት ነጭ የእንጨት ቤት ነበር። ሴይኒ መስኮቶቹን ስታይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የሻጩ ደላላ ከሩቅ ሲያየን ትከሻው ወረደ።

«ዶሎሬስ፣ ደግሞ ያቺን ብይ ይዘሽ መጣሽ?»

«እሷ ናት ይዛኝ የመጣችው።»

ብይዋ ከሳሎኑ ተነሣች፣ ለማሰብ እንደፈለገ ሰው ጥቂት ቆመች፣ ከዚያ ፍጥነት እየጨመረች ኮሪደሩን አቋርጣ ማቀዝቀዣው ሥር ገባች። ፌሌቲ ተንበርክኮ አወጣት። «ምን ማለት ነው?» አለ። «ቤቱ የሚሄድበት አለው ማለት ነው» አሉ ወይዘሮ ዶሎሬስ፤ ወጣን። ሴይኒ ቤቱ እስኪሰወር ድረስ ከመኪናው ውስጥ ዞራ አየችው። እኔም ሰው የወደደውን ነገር በብርጭቆ ኳስ ማስጣል ተገቢ ነው ወይ እያልኩ ሳስብ፣ ሁለት ጊዜ የተሳሳተ መንገድ ገባሁ።

አምስተኛው ቤት ሃርመር ጎዳና ላይ ያለ የጡብ ቤት ነበር። አስቀያሚ ነው ብል የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም። ምንጣፉ የጉበት ቀለም ነበረው፤ የመታጠቢያ ቤቱ ሰድር ሮዝ ነበር። ነገር ግን ደጃፉ ከመሬት እኩል ነው። ወይዘሮ ዶሎሬስ ብይዋን ኮሪደሩ መሃል፣ ምንጣፍ ያልደረሰበት ቦታ ላይ አስቀመጡ። አልተንቀሳቀሰችም። ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወሰዷት፤ እዚያም አልተንቀሳቀሰችም። በጣታቸው ገፋ አደረጓት፤ ትንሽ ሄዳ ቆመች።

«ይህ ነው» አሉ።

«ይሄ?» አለች ሴይኒ ሮዙን ሰድር እያየች።

«ቀለም ይቀባል ልቤ። መሬት ግን አይቀባም።»

በዚያው ሳምንት ማክሰኞ ማታ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹን አይተው፣ ጎረቤቱን አብልተው ተመለሱ። ውሻው ጧት ጧት ይጮኻል፤ ሰዎቹ ግን ደህና ናቸው አሉ።

ከጨረታው በፊት ባለው ሐሙስ ፌሌቲንና ሴይኒን ጠርተው ሕጉን አስጠኗቸው። ባንኩ ከፈቀደው ብድርና ካላቸው ቁጠባ ጋር የመጨረሻው ጣሪያ ስድስት መቶ አርባ ሺህ ዶላር ነው። ከዚያ በላይ አንድ ሺህም ቢሆን የለም። «እጅ የሚያወጣው አንድ ሰው ነው፤ አንተ ነህ ፌሌቲ። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ እጅ። ሌላው ሰው እጁን ኪሱ ይከታል፤ አፍንጫውንም አያክም። ገባችሁ?»

«ገብቶናል።»

«ከቤተሰብ ገንዘብ የሚጨምርላችሁ ሌላ ሰው አለ? አሁን ንገሩኝ፤ ቅዳሜ እንዳልደነግጥ።»

ፌሌቲ ጠረጴዛውን አየ። «ታላቅ እህት አለችኝ። ላቪኒያ።»

«ጠይቀሃታል?»

«እህቴ ናት» አለ፤ መልሱ በዚያ ያለቀ ይመስል።

«ሰምቻለሁ። ጠይቀሃታል ወይ ነው ያልኩት።»

ፌሌቲ ለመልስ ሚስቱን አየ። ሴይኒም በቀስታ አስረዳች። በእነሱ ዘንድ እህት ከወንድሟ በላይ የከበረች ናት። ወንድም እህቱ ባለችበት ክፍል አይቀልድም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ቢችል አብሯት አይቀመጥም፤ ገንዘብ መጠየቅማ ጭራሽ አይታሰብም። መነጋገር ካስፈለገም መልእክቱ የሚያልፈው በሴይኒ በኩል ነው። «ዛሬ ዛሬ የሚተዉት አሉ» አለች። «እማማ ግን እነዚህን ልጆች እንደ ጥንቱ ነው ያሳደጓቸው።»

ወይዘሮ ዶሎሬስ ግራ ገብቷቸው እኔን አዩኝ፤ እኔም ግራ ገብቶኝ እሳቸውን አየሁ። «እኔ ወንድሜን በጫማ ነው የምመታው» አሉ በመጨረሻ። «እሺ። እህትህ የለችበትም ብዬ ልጻፍ?»

«የለችበትም» አለ ፌሌቲ።

ሴይኒ ጨረታው የት እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሚጀመር ለላቪኒያ ነግራ እንደነበር ያን ዕለት አልተናገረችም። አልደበቀችም፤ ማንም አልጠየቃትም።

ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሃርመር ጎዳና ሠላሳ የሚሆን ሰው ቆሞ ነበር። አብዛኞቹ ለማየት ብቻ የመጡ ጎረቤቶች ናቸው፤ እንዲህ ያለው ቅዳሜ ለሰፈሩ ሰው እንደ ኳስ ጨዋታ ነው። ፌሌቲ ትልቅ ጉዳይ ስለሆነበት እንደ ቤተ ክርስቲያን ቀን ለብሶ፣ የቶንጋ ሰዎች ለክብር የሚታጠቁትን የተሸመነ ምንጣፍ ወገቡ ላይ ታጥቆ መጣ። እማማ ኦፋ በፌሌቲ መኪና ውስጥ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ተቀምጠዋል። ተሽከርካሪ ወንበራቸው ታጥፎ ከኋላ ተጭኗል። አጫራቹ ከዓመታት በፊት ወይዘሮ ዶሎሬስ ሥራውን ያስተማሩት ሰው ነበር። ምንጣፉን አየ፣ ወይዘሮ ዶሎሬስን አየ፣ የጨረታውን ሕግ ማንበብ ጀመረ።

መጀመሪያ ማንም ዋጋ አልጠራም። ሠላሳ ሰው ጫማውን ያያል። በዚህ ጊዜ ሁሉም የመጣበትን የረሳ ይመስለኛል። በኋላ አንድ የብስክሌት ልብስ የለበሰ ሰው ጣቱን አነሣ። ፌሌቲ መዳፉን ዘርግቶ አነሣ። ሁለቱ እየተፈራረቁ ወጡ፤ ፌሌቲ ስድስት መቶ አርባ ደረሰ። ብስክሌተኛው አርባ አምስት አለ።

ፌሌቲ እጁን አወረደ። ወይዘሮ ዶሎሬስ ክንዱን ያዝ አደረጉት። «ደህና አደረግህ» አሉት በሹክሹክታ። እሱ ግን ወደ መኪናው፣ ወደ እናቱ መስኮት ነበር የሚያየው።

«ጌታዬ አበቁ?» አለው አጫራቹ። ፌሌቲ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ከመንገዱ ማዶ፣ ስድስት መቶ ሃምሳ!» አለ አጫራቹ ድንገት። «አመሰግናለሁ እመቤቴ።»

ማዶ አንድ ቫን ቆሟል። ከጀርባው የወጣች እጅ ብቻ ትታየኝ ነበር። ብስክሌተኛው ዞር ብሎ አየ፣ ትከሻውን ሰበቀ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ፌሌቲም እጁን አየ። የማን እንደሆነ አላወቀም፤ ያወቀው ነገር ቢኖር ሌላ ሰው ደግሞ የእናቱን ቤት ሊወስድበት መሆኑን ነው። ወይዘሮ ዶሎሬስ ሳይደርሱበት መዳፉ ተነሣ።

«ከፊት ለፊቴ፣ ሃምሳ አምስት።»

«ፌሌቲ፣ ጣሪያው» አሉ ወይዘሮ ዶሎሬስ። «ልጄ፣ ጣሪያው አልፏል፤ ገንዘቡ የለህም።»

«ከማዶ፣ ስድሳ።»

የፌሌቲ እጅ እንደገና መነሣት ጀመረ። በዚህ ጊዜ የቫኑ ሾፌር መኪናውን አስነሥቶ ሄደ። አስፋልቱ ማዶ አንዲት ረዥም ሴት፣ ወገቧን እንደ ፌሌቲ በተሸመነ መታጠቂያ ታጥቃ፣ ቦርሳዋን በአንድ እጇ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። ሁለተኛው እጇ ገና አልወረደም።

«ያቺ እኮ» አለች ሴይኒ፣ «ላቪኒያ ናት።»

ፌሌቲ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው እንዲህ ሲያንስ አይቼ አላውቅም። በሰው ሁሉ ፊት፣ ጮክ ባለ ዋጋ፣ በእህቱ ላይ ጨምሮ ነበር። ላቪኒያም አየችው፤ እጇ ቀስ ብላ ወረደች። ሁለቱም መንገዱን ተሻግረው ሊነጋገሩ ቀርቶ እርስ በርስ መተያየት አልቻሉም። አጫራቹ «አንደኛ ጊዜ» አለ።

«ቆይ» አሉት ወይዘሮ ዶሎሬስ። «አንድ ቤተሰብ ናቸው።»

«ማን ከማን ጋር?»

«እሱና እሷ። እህትና ወንድም ናቸው።»

«ታዲያ ለምን እርስ በርስ ይጫረታሉ?»

«ስለሚከባበሩ።»

አጫራቹ ጥቂት ጠበቀ፤ ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር የሚጠብቅ ይመስለኛል። ሲያጣው ወደ ቤት ገብቶ ባለቤቱን አማከረና ተመለሰ። ወንድምና እህት የተጨማመሩበት እንዲሰረዝና ዋጋው ላቪኒያ መጀመሪያ ወደ ጠራችው ወደ ስድስት መቶ ሃምሳ እንዲመለስ ወሰነ። ብስክሌተኛውን ትቀጥላለህ ወይ ብሎ ጠየቀው።

«እኔ ከማን ጋር እንደምጫረት ከጅምሩም አልገባኝም» አለ ሰውየው። «እነሱ ካልተስማሙ ግን እዚሁ ነኝ።» አጥሩ ላይ ተቀመጠና ሙዝ አወጣ።

ባለቤቱ ያሰበው ዋጋ ከስድስት መቶ ሃምሳ ሺህ በላይ ስለነበር ቤቱ በዚያው አልተሸጠም። በእኛ ዘንድ እንዲህ ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የጠራ ሰው ቀድሞ ገብቶ የመነጋገር መብት አለው። አጫራቹ ግማሽ ሰዓት ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ተራው የባለ ሙዙ ነው።

ወይዘሮ ዶሎሬስ ላቪኒያን ወጥ ቤት አስቀመጧት። ፌሌቲን ኮሪደሩ ጫፍ ያለው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አስገቡት። ሻጩ አዛውንት ከልጃቸው ጋር መኝታ ቤት ናቸው። «በሃያ ዓመት ሻጭና ገዢን ለያይቼ አውቃለሁ» አሉኝ ሲያልፉ፤ «ገዢን ከገዢ ስለይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

ዋጋው አላስቸገረም። ላቪኒያ በአዛውንቶች መጦሪያ ለአሥራ አንድ ዓመት ሠርታ ያጠራቀመችው ገንዘብ ነበራት። ወንድሟ ቢያውቅ አይቀበልም ብላ ለማንም አልተናገረችም፤ እሱ ሲያቅተው ብቻ ልትገባ ነበር ከቫኑ ጀርባ የቆመችው። በእሷ ገንዘብና በእሱ ብድር በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከሻጩ ጋር ተስማሙ። ችግሩ የመጣው ውሉ ላይ ስም ሲጻፍ ነው።

«በወንድሜ ስም ይሁን» አለች ላቪኒያ። «በእህቱ ቤት ተጠግቶ ይኖራል እንዲባል አልፈልግም።»

ወይዘሮ ዶሎሬስ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄዱ።

«በእህቴ ስም ይሁን» አለ ፌሌቲ። «የሷን ገንዘብ በስሜ አጽፌ በየትኛው ዓይኔ ላያት ነው?»

«እናንተ ልጆች መች ትተያያላችሁ? በየትኛውም ዓይን አትተያዩም።»

«ለዚህ ነው የሚከብደው አክስቴ።»

ተመልሰው ሄዱ። «ሁለታችሁም ግቡበት፤ ወረቀቱ ሁለት ስም ይይዛል» አሏት ላቪኒያን። ላቪኒያ አንገቷን ደፋች። ከወንድሟ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ያለ እናታቸው ቃል እንደማይሆን፣ በአንድ ጠረጴዛ መፈረም ደግሞ ጭራሽ እንደማይታሰብ ሴይኒ አስረዳች። ወይዘሮ ዶሎሬስ ኮሪደሩ መሃል፣ ያን ጊዜ ብይዋን ያስቀመጡበት ቦታ አካባቢ ቆሙ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቷል። ቤቱ አለ፣ ገንዘቡ አለ፣ ሰዎቹ አሉ። የጎደለው ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አለ?»

እኔ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ለዚህ የሚሆን ግን አላነበብኩም። ማድረግ የቻልኩት ወደ መኪናው ሄጄ ለእማማ ኦፋ የሆነውን መንገር ብቻ ነበር።

«ወንበሬን አውጪው» አሉ።

ዘረጋሁት፤ ሴይኒም ከቤት ወጥታ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ልገፋቸው እጄን ስዘረጋ፣ «ልቀቂ» አሉኝ። በደህናው እጃቸው አንዱን ጎማ፣ በደህናው እግራቸው መሬቱን እየገፉ በመግቢያው ሲሚንቶ ላይ ሄዱ። አጥሩ ላይ ያለው ብስክሌተኛ እግሩን ሰበሰበላቸው። ደጃፉ ጋ ሲደርሱ ሁላችንም ቆምን። ወንበሩ ትንሽ ነጠር አለና ገባ። ማንም አላዘላቸውም።

ኮሪደሩ ውስጥ ቆመው ግራና ቀኙን አዩ። «ወረቀቱን ማን ነው የያዘው?»

ወይዘሮ ዶሎሬስ ሰጧቸው።

«ሁለቱንም ስም ጻፊ» አሉ እማማ ኦፋ። «የላቪኒያ ከላይ፤ ታላቅ ናት፣ እህትም ናት። የፌሌቲ ከሥር። እኔ የምኖረው ከሥር ካለው ጋር ነው፤ ከላይ ያለችው ደግሞ መጥታ ታየኛለች።»

«እሺ፤ ግን በአንድ ጠረጴዛ አይፈርሙም እያሉኝ ነው።»

«አይፈርሙም። እንዳይተያዩ አድርጌ ያሳደግኳቸው እኔ ነኝ። ስለዚህ የማመላልሰው እኔ ነኝ።»

ወረቀቱን ጭናቸው ላይ፣ ብዕሩን ጥርሳቸው መሃል አደረጉ። ወደ ወጥ ቤት ገቡ፤ ላቪኒያ ተንበርክካ በእናቷ ጭን ላይ ፈረመች። ከዚያ ዞረው ኮሪደሩን ያዙት። ረዥም ኮሪደር ነው። አንድ ጎማ ብቻ የሚገፋ ሰው ወለሉ ዘመም ካለ ወደ ግድግዳው ይሄዳል፤ እሳቸው ግን መሃሉን ይዘው በቀጥታ እስከ ልብስ ማጠቢያው ደረሱ። ከውስጥ የፌሌቲ ለቅሶ ተሰማኝ፤ ቀጥሎም እናቱ «አታርጥብብኝ፣ ቀለሙ ይለቃል» ሲሉት። ወይዘሮ ዶሎሬስ ወለሉን ነበር የሚያዩት። እጃቸው ቦርሳቸው ውስጥ ነበር።

ሦስት ደቂቃ ሲቀር አጫራቹ ወጥቶ አጥሩ ላይ ያለውን ሰው አሰናበተው። ሰውየው ራሱን አከከ፤ የሙዙን ልጣጭ የት እንደሚጥል ጠየቀ፤ ብስክሌቱን ይዞ ሄደ።

መስከረም ሳያልቅ ገቡበት። ሰድሩ እስከ አሁን ሮዝ ነው። እሑድ እሑድ እማማ ኦፋ ራሳቸው በደጃፉ ይወጣሉ። ላቪኒያ በፊት በር ስትመጣ ፌሌቲ በልብስ ማጠቢያው በር ወደ ጓሮ ይወጣና አትክልት ያጠጣል፤ እሷ ያመጣችውን ምግብ በኋላ እሱ ይበላል።

የወይዘሮ ዶሎሬስን ሥራ አሁን ገብቶኛል ማለት አልችልም። ባለፈው ወር አንድ ወጣት ከእጮኛው ጋር መጣ፤ ከኪልሞር የመጣ፣ ፊቱ ላይ ጠቃጠቆ የሞላበት ልጅ። ወይዘሮ ዶሎሬስ ፓስቲዚ አቀረቡለት፤ ወረቀታቸውን ዘርግተው ብዕራቸውን አዘጋጁ።

«እህት አለህ?»

«አንድ አለችኝ።»

«ጨረታው ቀን የት ነው የምትቆመው?»

«የምትኖረው ፐርዝ ነው፤ በአገሩ ሌላ ጫፍ» አለ ልጁ።

«የምትኖርበትን አልጠየቅኩህም ልቤ። የት ነው የምትቆመው?»

ልጁ እጮኛውን አየ፤ እሷ ደግሞ እኔን አየችኝ። እኔም ፓስቲዚውን አየሁ።